መጨናነቅ የዕድገት ምስክር አይደለም፦ ስለ አዲስ አበባ መንገዶች ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ አዲስ አበባ የትራፊክ መጨናነቅ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል። መጨናነቅ የዕድገት ምልክት ስለሆነ ሊያስደነግጠን አይገባም። መፍትሔው መንገድ ማስፋትና ማሳለጫ መጨመር ነው። ዋናዎቹ መንገድ ዘጊዎች ሚኒባስ ታክሲዎች ናቸው። ቀላል ባቡሩ የብዙኃን ትራንስፖርት እዚህ አገር እንደማያዋጣ አሳይቷል። ሰዉን ወደ ከተማዋ ዳር ማውጣት መሃሉን ያቀለዋል። የቀረውን የኤሌክትሪክ መኪና ይፈታዋል።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉ አልጠራጠርም። ብዙዎቻችን ታክሲ ውስጥም ቢሮ ውስጥም የምንለውን ነው ያሉት። ነገር ግን ከተማዋ ለመንገድ የምታወጣው ገንዘብ የሚወጣው በዚህ አስተሳሰብ ነው። አስተሳሰቡ ከተሳሳተ ዋጋውን የምንከፍለው ሁላችንም ነን። ስለዚህ እያንዳንዱን ነጥብ ላንሳው።

መጀመሪያ ዕድገትና መጨናነቅ። እውነት ነው፣ ሥራ የሌለባት ከተማ መንገዷ አይጨናነቅም። ሰው ሲበዛ፣ ገንዘብ ሲዘዋወር፣ ግንባታ ሲደራ መንገዱ ይሞላል። እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ትልቅ ነገር ዘለሉ።

ሰው ለምንድን ነው ገጠሩንና ትንሿን ከተማ ትቶ አዲስ አበባ የሚመጣው? ብዙ ነገር አንድ ቦታ ስለሚያገኝ ነው። ብየዳ የሚያውቅ ልጅ ብዙ ወርክሾፕ አለ ብሎ ይመጣል። ወርክሾፑም ብዙ በያጅ አለ ብሎ እዚሁ ይከፈታል። የትልቅ ከተማ ጉልበቱ ይህ መገናኘት ነው። እንግዲህ የከተማዋን ትልቅነት የሚወስነው የነዋሪው ቁጥር ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ከቤቱ ተነስቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት የሥራ ቦታ፣ ስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት ገበያ ይደርሳል የሚለው ነው ዋናው። ኮዬ ፈጬ ለሚኖር ሰው በሁለት ሰዓት የማይደረስበት ሥራ እንደሌለ ይቆጠራል። ማስታወቂያውን ቢያየው እንኳ አያመለክትም። በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ያላት ከተማ ለእሱ የአንድ መለስተኛ ከተማ ያህል ትሆንበታለች።

ይህ ነው መጨናነቅ ዕድገትን የሚበላበት መንገድ። ቀጣሪው የሚፈልገውን ሰው አያገኝም። ሠራተኛው የተሻለ ደመወዝ እያየ ሰፈሩ ካለው ሥራ ጋር ይቀራል። ዕቃም እንደዚሁ ነው። ከባድ መኪኖች በቀን ወደ መሃል እንዳይገቡ የሰዓት ገደብ ተጥሎባቸዋል። ገደቡ መንገዱን ለማቅለል ነው፤ ይገባኛል። ግን ሲሚንቶው ሌሊት ይጫናል፣ ሌሊት ይራገፋል፣ የጫኝና አውራጁ ሒሳብ ይጨምራል። ያ ሁሉ መጨረሻ ላይ የቤቱ ኪራይና የሸቀጡ ዋጋ ላይ ይመጣል።

ጸሐፊው ለንደንንና ኒው ዮርክን ምስክር ጠርተዋል። ተጨናንቀውም አድገዋል ይላሉ። የጠሯቸው ምስክሮች ግን የሚመሰክሩት ለተቃራኒው ነው። ለንደን የምድር ውስጥ ባቡር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው። ኒው ዮርክ በ1904። ማንሃተን ላይ መንገዱ ሲዘጋ ከተማዋ አትቆምም፤ አብዛኛው ሠራተኛ ከመሬት በታች እየሄደ ነውና። ደግሞም ሁለቱም ከተሞች መጨናነቅን እንደ ሜዳልያ አላዩትም። ለንደን ከ2003 ጀምሮ ወደ መሃል የሚገባውን መኪና ታስከፍላለች። ኒው ዮርክም በጥር 2025 ጀምራለች። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት መጨናነቁ ኢኮኖሚያቸውን ስለጎዳው ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልምጣ፤ መንገድ ማስፋት። ጸሐፊው የአዲስ አበባ የመንገድ ሽፋን አነስተኛ ነው ይላሉ። ትክክል ናቸው። በተለይ መጋቢ መንገድና የውስጥ ለውስጥ መንገድ ያንሰናል። ብዙ ሰፈር አንድ መውጫ ብቻ ስላለው ሁሉም ሰው ወደ አንድ ዋና አስፋልት ይፈስሳል። አንዷ መኪና እዚያ ስትበላሽ ሰፈሩ በሙሉ ይታገታል። ሰፈርን ከሰፈር የሚያገናኝ መንገድ ይሠራ ቢሉ ኖሮ ምላሽ መጻፍ ባላስፈለገኝ።

እሳቸው የሚሉት ግን ሌላ ነው። ያለው ዋና መንገድ ወደ ስምንት፣ ወደ አሥር መስመር ይስፋ፤ በየአደባባዩ ማሳለጫ ይሠራ ነው። ይህ በብዙ አገር ተሞክሯል። አሜሪካ፣ ሂዩስተን ውስጥ ኬቲ የሚባል አውራ ጎዳና አለ። ሁለት ነጥብ ስምንት ቢሊዮን ዶላር ወጥቶበት ማስፋፊያው በ2008 እ.ኤ.አ. አለቀ። የጎን መንገዶቹ ሲቆጠሩ አንዳንድ ቦታ ላይ 26 መስመር ደርሷል። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ጉዞው ከመስፋቱ በኋላ ከነበረው እንደገና እየረዘመ ሄደ። ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። መንገዱ ሲሰፋ በሌላ ሰዓት ይወጣ የነበረው ሰው ወደ መግቢያ ሰዓት ይመጣል። በአውቶቡስ ይሄድ የነበረው መኪና ይገዛል። ቤት ሠሪው ራቅ ብሎ ይሠራል። ትርፍ የተባለው ቦታ ያልቃል።

ሂዩስተን ከራቀብን ናይሮቢ ቅርብ ናት። እዚያ 27 ኪሎ ሜትር የሚሆን በክፍያ የሚኬድበት ከፍ ያለ ፈጣን መንገድ በ2022 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል። መክፈል የሚችለው ከላይ ያልፋል። ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ የሚሳፈረው አብዛኛው ሰው ከታች መንገድ ተዘግቶበት ቆሟል። እዚሁ ከተማችንም የጎተራን ማሳለጫ እናስብ። ማሳለጫው ራሱ ላይ መኪናው ይፈስሳል። ቀጥሎ ያለው መገናኛ ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። ሰልፉ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። አንዱን መገናኛ እየከፈቱ ቀጣዩን እንዳለ መተው ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

የመስመር ሒሳቡንም ልጨምር። የከተማ መንገድ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ግምት አለ። አንድ የአስፋልት መስመር የቤት መኪና ብቻ ሲሄድበት በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል። ያው መስመር ለአውቶቡስ ብቻ ቢሰጥ ከ4,000 እስከ 8,000 ሰው ያሳልፋል። አስፋልቱ ያው ነው፤ ስፋቱም ያው። ቤት ሳይፈርስ፣ ድልድይ ሳይገነባ የሚያልፈው ሰው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ጸሐፊው የሚቆጥሩት መኪና ነው። ሰው ቢቆጥሩ ኖሮ መደምደሚያቸው ይለወጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሰው እንቁጠር ካልን ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ አንድም ቦታ ያልተጠቀሰ ሰው አለ። እግረኛው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በየዓመቱ በዚህች ከተማ መንገዶች ላይ በመኪና አደጋ ይሞታል፤ አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተሠራውን የቀለበት መንገድ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መኪናው እንዲፈጥን ተብሎ ሰፈር ለሁለት ተከፈለ። ትምህርት ቤቱ ወዲህ፣ ቤቱ ወዲያ ሆነ። መሻገሪያ ድልድዩ ሩቅ ስለሆነ ሰው አጥር እየዘለለ ይሻገራል። ዘለለ ብለን እግረኛውን እንወቅሰዋለን። ሰፊ መንገድ ሲባል እኔ መጀመሪያ የሚታየኝ ይህ ነው። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገድ መስፋቱን፣ የብስክሌት መስመር መጨመሩን እደግፋለሁ። ጸሐፊው ያንን የመንገድ ቦታ ማባከን ብለውታል። አስፋልቱ የሁሉም ከሆነ የብዙኃኑ ጉዞ ቦታ ማግኘቱ ብክነት አይደለም።

ከጽሑፉ በጣም ያሳዘነኝ ስለ ሚኒባስ ታክሲዎች የተባለው ነው። መሃል መንገድ ላይ ያቆማሉ፣ መስመር ይዘጋሉ፣ ያለ ቦታቸው ይጭናሉ፤ ስለዚህ ከዋና ዋና መንገዶች ይውጡ ይላል።

ጥፋቱን አልክድም። መገናኛ ወይም ሜክሲኮ አመሻሽ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ግን ለምን እንደሚያደርጉት እንጠይቅ። ሹፌሩ ደመወዝተኛ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ለመኪናው ባለቤት በቀን የሚያስገባው ገቢ አለ። ከዚያ ላይ ነዳጅ፣ የረዳቱ ድርሻ፣ የተራ አስከባሪው። ለራሱ የሚተርፈው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መንገድ ተዘግቶበት የቆመባት እያንዳንዷ ደቂቃ ከራሱ ኪስ ትወጣለች። ምልልሱ ሲቀንስበት ታፔላው ላይ የተጻፈውን መንገድ ትቶ እያቆራረጠ መጫን ይጀምራል። ተሳፋሪው ለአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ይህ የሹፌሩ ክፋት ብቻ አይደለም። መጨናነቁ ራሱ የፈጠረው ነው።

የሚያቆምበትስ የት አለው? ብዙ ቦታ ላይ ለታክሲ ተብሎ ገባ ያለ ማቆሚያ አልተሠራም። ሲሠራም የቤት መኪና ይቆምበታል። በመስቀል አደባባይ ከመሬት በታች ከሺህ በላይ መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ተሠርቷል። በየታክሲ መያዣው ጥግ አሥር ሚኒባስ ከመንገድ ወጣ ብሎ የሚጭንበት ቦታ ለመሥራት ገንዘብ አይገኝም የሚለኝ ካለ አላምነውም።

ሒሳቡንም እንይ። አንድ ሚኒባስ አሥራ ሁለት ሰው ይዞ የሚይዘው የመንገድ ቦታ ከአንድ ትልቅ የቤት መኪና ብዙም አይበልጥም። የቤት መኪናው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንድ ሰው ነው፤ ቢበዛ ሁለት። ማን ነው እንግዲህ መንገዱን የያዘው? ሚኒባሶቹ ይውጡ ማለት ደግሞ የሚሳፈረው ሰው የት እንደሚሄድ መናገርን ይጠይቃል። ታክሲዎች ሥራ ባቆሙባቸው ቀናት ከተማዋ ምን እንደምትመስል ሁላችንም አይተናል። መንገዱ ባዶ ይሆናል። ቢሮውም ባዶ ይሆናል። ሱቁም አይከፈትም። ጸሐፊው የሚመኙት ባዶ መንገድ ያኔ ይገኛል፤ ከተማዋ ግን ሥራ አቁማ ነው።

በነገራችን ላይ አንበሳ አውቶቡስ በ1935 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። የብዙኃን ትራንስፖርት ለዚህች ከተማ ባዕድ ነገር አይደለም። ሚኒባሱም ቢሆን አውቶቡስ ለማይደርስበትና ለማይበቃው ሕዝብ የደረሰ ነው። አውቶቡሱ ሲበዛና በሰዓቱ ሲመጣ ሚኒባሱ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ሰፈር መጋቢነት ይሸጋገራል። በግዳጅ አይደለም፤ ስለሚያዋጣው።

ቀላል ባቡሩን በተመለከተ ጸሐፊው ያዘኑበትን እኔም አዝንበታለሁ። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከሰሃራ በታች ላሉ አገሮች አዲስ ነገር ነበር። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ አብዛኛው የቻይና ብድር ነው። 41 ባቡር ተገዛ። ዓመታት ሲያልፉ ግን አብዛኞቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። የኤሌክትሪክ መቆራረጥም ተጨመረበት።

ይህ ታሪክ ምን ያስተምራል? ጸሐፊው ሕዝቡ ባቡር አይፈልግም፣ አያዋጣም አሉ። ሕዝቡ አይፈልግም ለሚለው ግን ማስረጃ የለም። ጠዋት ከአያት የሚመጣው ባቡር እግር ማስገቢያ የለውም። ሰው በሩ ላይ ተጣብቆ ነው የሚሄደው። ተሳፋሪ ያጣ አገልግሎት እንዲህ አይደለም። የጎደለው ጥገና ነው። ባቡሩ ሲገዛ ለመለዋወጫው የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ከየት እንደሚመጣ አልታሰበም። ታሪፉ ሥራ ሲጀምር ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። ዝቅ ማለቱ ለተሳፋሪው ደግ ነው፤ ግን ልዩነቱን የሚሞላ ቋሚ በጀት ይፈልጋል። መንገድ ሲቆፈር ለጥገናው በጀት እንይዛለን፤ አስፋልት አያዋጣም የሚል ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። ለባቡሩ ሲሆን ለምን ሚዛኑ ይለወጣል?

የባቡሩ ሌላ ጉድለት እውነት ነው። ሐዲዱ ብዙ ቦታ መሬት ላይ ታጥሮ ስለተዘረጋ ሰፈሮችን ከፍሏል፤ መሻገሪያውም አንሷል። በመሃል ከተማ ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ አንዱ ሲዘገይ ሌላውም ይዘገያል። እነዚህ የንድፍ ስህተቶች ናቸው። ዳሬ ሰላም በ2016 እ.ኤ.አ. የራሱ መስመር ያለው ፈጣን አውቶቡስ ጀመረች። የመጀመሪያው ምዕራፍ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሱም ችግር አላጣውም፤ አውቶቡስ ያንሰዋል፣ ይጨናነቃል። ግን መንገዱ የራሱ ስለሆነ ቢያንስ የቤት መኪና ሰልፍ ውስጥ አይቆምም። አዲስ አበባም የፈጣን አውቶቡስ ዕቅድ ካወጣች ዓመታት ተቆጥረዋል። የሚያስቆጨኝ ይኸው ነው።

ሰዉን ወደ ዳር እናውጣ፣ መሃሉ ይቀልለዋል የሚለው ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም የመጨናነቁ ሥር ያለው እዚህ ይመስለኛል።

ሙከራው ተደርጓል፤ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ። ጀሞ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ። ኮንዶሚኒየሙ ለብዙ መቶ ሺህ ሰው ጣራ ሰጥቷል። ይህን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን ዕጣው ሲወጣ የት ትሠራለህ ብሎ የጠየቀ የለም። መርካቶ የሚነግደው ሰው ቦሌ አራብሳ ደረሰው። ፒያሳ የምታስተምረው የካ አባዶ ደረሳት። ቤቱ ወጣ፤ ሥራው መርካቶ፣ ፒያሳ፣ ሜክሲኮ፣ ቦሌ እንዳለ ቀረ። ስለዚህ በየማለዳው ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ አቅጣጫ በጥቂት መንገዶች ይገባል። ማታ ደግሞ በዚያው ይወጣል። በሌላው አቅጣጫ መስመሩ ባዶውን ነው። አውቶቡሱም ሲመለስ ባዶውን ይመለሳል፤ ኪሳራው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ቤት የደረሳቸው ስንቶች ናቸው ቤቱን አከራይተው መሃል ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩት? እኔ የማውቃቸው ብቻ ጥቂት አይደሉም። ቤት ጠልተው አይደለም፤ መንገዱን አልቻሉትም።

የድሃው ነገር ደግሞ ይብሳል። እንጀራ ጋግራ ለሆቴል የምታስረክብ እናት ደንበኞቿ ከቤቷ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ጉሊት የምትቸረችረውም እንደዚያው። ልብስ አጣቢዋ፣ ሊስትሮው፣ ተላላኪው ኑሯቸው የተመሠረተው ከሰው አጠገብ በመሆናቸው ነው። ከካዛንቺስ ወይም ከፒያሳ ተነስተው ዳር ሲሄዱ የተሻለ ግድግዳ ሊያገኙ ይችላሉ። ደንበኛቸውን ግን አጥተዋል። ታክሲ እየከፈሉ ይመለሱ ቢባል ትርፋቸው ታሪፉን አይሸፍንም። ጸሐፊው መሃሉ ይቀልለዋል ሲሉ ይህን ኪሳራ በየትኛው ዓምድ እንደጻፉት አላየሁም።

ደግሞስ መሃሉ ቀለለ? የተነሳው ሰፈር ቦታ ላይ ሕንፃ ቆመ። ሕንፃው ቢሮና ሆቴል ነው። በእግሩ ይሠራ የነበረ ነዋሪ ወጥቶ በመኪና የሚመጣ ሠራተኛና እንግዳ ገባ። ጉዞ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። መሃሉ ላይ ፎቅ መሠራቱን አልቃወምም፤ እንዲያውም ይሠራ። ግን ከፎቁ የተወሰነው አቅም ለሌለው ሰው መኖሪያ ይሁን። ዳር ለሚሄደውም ሥራው አብሮት ይሂድ። አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ትልቅ ገበያ፣ አንድ ሆስፒታል ወደ ኮዬ ፈጬ ቢሄድ ከአንድ ማሳለጫ በላይ መንገድ ያቀልላል።

የኤሌክትሪክ መኪናው ነጥብ ብዙ አያከራክርም። በጥር 2016 ዓ.ም. አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆናለች። ለአየሩም ለውጭ ምንዛሪውም መልካም ነው። ግን የኤሌክትሪክ መኪና ርዝመቱና ስፋቱ ያው ነው። መንገድ ላይ የሚይዘው ቦታ አይቀንስም።

መቼም መቃወም ብቻ አይበቃም፤ ምን ይደረግ ለሚለኝ አንድ ነገር አቀርባለሁ። ስቶክሆልም መሃል ከተማ ለሚገባ መኪና ክፍያ ለማስጀመር ስታስብ አብዛኛው ሰው ተቃውሞ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ አውቶቡስ ጨመረች። ቀጥሎ ከጥር እስከ ሐምሌ 2006 እ.ኤ.አ. ለሰባት ወር ያህል ክፍያውን ሞከረች። ወደ መሃል የሚገባው መኪና ከመቶ 20 ገደማ ቀነሰ። ከዚያ ነዋሪው ድምፅ ሰጠበት፤ በ2007 ቋሚ ሆነ። እኛ ክፍያ ላይ ገና አልደረስንም፤ አማራጭ ሳይሰጡ ማስከፈል ግፍ ይሆናል። የሙከራውን ሐሳብ ግን መውሰድ እንችላለን።

ከአየር ጤና በጦር ኃይሎች በኩል ወደ ሜክሲኮ በሚመጣው መንገድ አንድ መስመር ለአውቶቡስና ለሃይገር ብቻ ይሰጥ። ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ከ10 እስከ 2 ሰዓት። የትራፊክ ፖሊስ ይቁምበት፤ የገባ የቤት መኪና ይቀጣ። ለሚኒባሶቹ ከመስመር ወጣ ያለ መጫኛ ይሠራላቸው። ከመጀመሩ በፊትና ከጀመረ በኋላ ጦር ኃይሎች ላይ ቆመን በሰዓት ስንት ሰው እንዳለፈ እንቁጠር፤ ስንት መኪና ሳይሆን ስንት ሰው። ጸሐፊውም አብረው ይቁጠሩ። ስድስት ወር ይበቃል። የሚያልፈው ሰው ካልጨመረ መስመሩ ለሁሉም ይመለስ።